ጫኝና አውራጅ በብረት ታሪክ ውስጥ

«ጫኝና አውራጅ» ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና ፈጥኖ የሚመጣው የአውቶቡስ መናኸሪያና የመርካቶ መጋዘን ነው። ትከሻው ላይ ጆንያ ጣል አድርጎ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ የሰው ዕቃ መኪና ላይ የሚሰቅል፣ ከመኪና ላይ የሚያወርድ ሰው። ይህ ሰው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ የለውም። የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ገዥው ይነገራል፤ ስለ ነጋዴው ይነገራል፤ ስለ መንገዱና ስለ ቀረጡ ይነገራል። ዕቃውን ስለጫነውና ስላወረደው ግን የሚያነሣ የለም።

የብረት ሥራም የራሱ ጫኝና አውራጅ አለው። ብረት እንዳይዝግ ዚንክ ሲለብስ፣ እንዲያብረቀርቅ ኒኬል ወይም ክሮም ሲለበጥ፣ ናስና ብር ወርቅ ሲቀባ፣ አንድ ሰው ዕቃውን ከመስቀያ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ወደ ገንዳው ያወርደዋል፤ ጊዜውን ጠብቆ ያወጣዋል፤ አራግፎ ያስቀምጠዋል። በገንዳው ውስጥ ስላለው ፈሳሽ ብዙ ተጽፏል። ዕቃውን ስለሚሰቅለውና ስለሚያወርደው እጅ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የልባጡ ዕድሜ፣ አንዳንድ ጊዜም የሠራተኛው ዕድሜ፣ የሚወሰነው በዚሁ እጅ ነው።

ይህን ለመረዳት ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በወላይታ ዞን የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ገሱባን ከፍ ካለ ስፍራ ሆኖ ቁልቁል መመልከት ይበቃል። ዓይን ላይ ቀድሞ የሚያርፈው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ አንዱ ገና የሚያበራ፣ አንዱ የደበዘዘ፣ አንዱ እንደ ቀይ አፈር የዛገ። እነዚህ ጣሪያዎች ከየት መጡ? ማን ነከራቸው? ማንስ አወጣቸው?

ቆርቆሮ የሚለው ስም

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31፣ ቆርቆሮ ከወርቅ፣ ከብር፣ ከናስ፣ ከብረትና ከእርሳስ ጋር ተቆጥሮ እናገኘዋለን። በዚያ ቆርቆሮ ማለት ከመዳብ ጋር ሲቀላቀል ነሐስ የሚሆነው ነጭ ማዕድን ነው። ዛሬ ከጣሪያችን ላይ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ግን ያ ማዕድን የለም። ውስጡ ብረት ነው፤ ልብሱ ዚንክ ነው። ሕዝቡ ስሙን ያወጣለት በመልኩ ሳይሆን አይቀርም፤ ነጭ ሆኖ ያበራልና ቆርቆሮ አለው። የልባጥ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። ሰው ዕቃን የሚጠራው በውስጡ ሳይሆን በላዩ ባለው ነገር ነው።

የልባጥ ጥበብ በአገራችን የተጀመረው በቆርቆሮ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር። በስሙ ገንዘብ በማስቀረጽ ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ከብሩና ከመዳቡ ገንዘብ መካከል አንዳንዱ በጥንቱ ዓለም እምብዛም የማይገኝ ነገር ይታይበታል፤ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ብቻ ወርቅ ተለብጧል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ብዙው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ያን ያህል ትንሽ ነገር ላይ፣ ያን ያህል ጠባብ ስፍራ መርጦ ወርቅ ለማኖር እያንዳንዱን ፍሬ አንሥቶ መያዝ፣ መለበጥና ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የነገሥታቱ ስም በገንዘቡ ላይ ተቀርጾ ቀርቷል። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ያነሣውና ያስቀመጠው ሰው ስም ግን የለም።

በጥንቱና በመካከለኛው ዘመን ወርቅ የሚለበጥበት አንዱ መንገድ በባዜቃ ነበር። ወርቁ ሜርኩሪ በሚባለው በዚህ ባዜቃ ተለውሶ ይቀባል፤ ከዚያም ዕቃው በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ተንኖ ይሄድና ወርቁ ተጣብቆ ይቀራል። ተንኖ የሄደው ባዜቃ የሚገባው ግን ከእሳቱ አጠገብ በቆመው ሰው ሳንባ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ የቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል ጉልላት በዚህ ዘዴ ሲለበጥ ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞች እንደ ሞቱ ይነገራል። ጉልላቱ እስከ ዛሬ ያበራል።

ወርቅ የሚለበጠው ለክብርና ለጌጥ ነው። የብረት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ብረት ልብስ የሚሻው ለጌጥ ሳይሆን ለሕይወቱ ነው፤ ይዝጋልና።

የወላይታ ቀጥቃጭ

በወላይታ ብረት ሠሪው ዎጋቼ ይባላል። ሸክላ ሠሪው ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂው ደጋላ ነው። በቀድሞው ሥርዓት እነዚህ ባለ እጆች ከሌላው ሕዝብ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር። ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር፤ መሬት ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ነገሩ የወላይታ ብቻ አይደለም። በሰሜኑም ቀጥቃጩ ቡዳ ተብሎ ተሰድቧል፤ ማረሻውን ከእጁ የሚቀበለው ገበሬ ዓይኑን ፈርቶ ኖሯል።

የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። ጥንት በወላይታ ገበያ ማርጩዋ የሚባል የብረት ገንዘብ ይሠራበት ነበር። የብረት ገንዘብ ያለ ቀጥቃጭ እጅ አይወጣም። ሕዝቡ የሚገበያይበትን የሠራው ሰው፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ለመብላት የማይበቃ ተደርጎ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ወላይታ ከረጅምና ብርቱ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1894፣ በእኛ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ጦና ተሸንፎ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲውል የባለ እጆቹ ኑሮ አልተለወጠም። በሕግ ፊት ከሌላው ገበሬ ጋር እኩል መሬት የማግኘት መብት ያገኙት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ልማድ ግን ከሕግ ይዘገያል።

ቀጥቃጩን ከሥራው አንጻር እንየው። በአንድ እጁ ጉጠት ይዟል፤ ወናፉን የሚነፋለት ልጅ ወይም ጎረምሳ አለ። ብረቱን ወደ ፍሙ ያስገባዋል፤ ያወጣዋል። ብረት የሚቀጠቀጠው እንደ ጋለ ነው፤ ይህ ተረት ብቻ አይደለም፣ የሥራ ሕግ ነው። ፈጥኖ ካወጣው አይታዘዝም፤ አዘግይቶ ካወጣው ይቃጠላል። ሰዓት የለውም፤ የሚያነበው የብረቱን ቀለም ነው። እንግዲህ ቀጥቃጩ ሊቅም ነው፤ ጫኝና አውራጅም ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ እጅ ላይ ናቸው። ዝገትን ግን የሚከላከለው በጥቂቱ ብቻ ነበር። ቢላዋውንና ጦሩን አለስልሶ ስብ ወይም ቅቤ መቀባት፣ ከጭስ አጠገብ ማኖር፣ ሲዝግም በድንጋይ መሳል። ብረት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተበላ ያልቅ ነበር።

ሁለት ጠርዝ ያለው ገንዳ

ብረትን በዚንክ የማልበስ ሐሳብ የተነሣው በፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 ፖል ዣክ ማሉዌን የተባለ ሐኪምና ኬሚስት፣ ብረት በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ሲነከር ልብስ እንደሚያወጣ ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ገለጸ። ለፋብሪካ የሚበቃ ዘዴ እስኪሆን ግን ወደ 100 ዓመት ገደማ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1837 ስታኒስላ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረቱን መጀመሪያ በአሲድ አጥቦ፣ ቀጥሎ በአሞኒያ ጨው አጽድቶ፣ ከዚያ መንከር የሚቻልበትን ዘዴ አስመዘገበ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1829 ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስስ ላሜራን በማሸብሸብ ማጠንከር እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ሽብሽቡና ዚንኩ ሲገናኙ ዛሬ የምናውቀው የጣሪያ ቆርቆሮ ተወለደ። በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ የወርቅ ፈላጊዎች ሰፈር ሁሉ የብረት ቤት በመርከብ ተጭኖ ሄደ።

ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ መንከሪያው ገንዳ ደግሞ 450 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። በድሮው ፋብሪካ ገንዳው በግድግዳ ለሁለት ይከፈል ነበር። በአንደኛው ወገን በቀለጠው ዚንክ ላይ ማጽጃው ጨው ተንሳፎ ይጤሳል፤ ላሜራው የሚገባው በዚያ ነው። በሌላኛው ወገን የዚንኩ ፊት ንጹሕ ነው፤ ላሜራው የሚወጣው በዚያ ነው። በአንዱ ጠርዝ የሚከተው፣ በሌላው ጠርዝ የሚስበው ሰው ይቆማል፤ ሁለቱም በረጅም ጉጠት። የሚከተው ከአሲድና ከጨው ጭስ ጋር ይታገላል፤ የሚስበው ከሚንጠባጠብ ዚንክ ጋር። የሚስበው ቸኩሎ ከሆነ ልብሱ ይጓጉላል፤ የሚከተው ላሜራውን በቅጡ ሳያጸዳ ከከተተው ጠቃጠቆ የሆነ ራቁት ብረት ይቀራል፤ ዝገቱም ከዚያች ራቁት ነጥብ ይጀምራል።

ይህ ሕግ ለላሜራ ብቻ አይደለም። ቧንቧ ወይም ባዶ ምሰሶ ወደ ገንዳ ሲወርድ አየርና ርጥበት የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቀዳዳው ከተረሳ በውስጡ የቀረው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጅ በላይ ያድጋል፤ ቧንቧውን እንደ ጥይት ይሰነጥቀዋል፤ የቀለጠውንም ዚንክ በቆመው ሰው ላይ ይረጨዋል። ዕቃው ሲሰቀል ዘንበል ማለት አለበት፤ ዚንኩ በአንድ ማዕዘን ተጠራቅሞ እንዲፈስ። ሁለት ዕቃዎች ተጠጋግተው ከተሰቀሉ በተነካኩበት ስፍራ ሁለቱም ራቁታቸውን ይቀራሉ። ብሎንና ሚስማር በተሸነቆረ ቅርጫት ተጭኖ ይነከርና፣ ጥርሱ በዚንክ እንዳይደፈን ወዲያው በኃይል ይሽከረከራል። በኤሌክትሪክ በሚለበጠውም ሥራ እንዲሁ ነው፤ መስቀያው ዕቃውን መያዝ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩንም የሚያደርሰው እርሱ ነውና፣ የላላ መንጠቆ የላላ ልባጥ ይሰጣል። እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ከገንዳው አይደለም፤ ከመስቀያው ነው።

ቆርቆሮ ወደ ደቡብ

ሽብሽብ ላሜራ ለግመልና ለበቅሎ የማይመች ጭነት ነው። ሰፊ ነው፤ አይታጠፍም፤ ጠርዙ ይቆርጣል። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ብርቅነቱ እየቀረ ሄደ። መጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን፣ የሌጋሲዮንና የሀብታም ነጋዴ ጣሪያ ነበር። ከዚያ መንገዱን ተከትሎ ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች፣ ከከተሞቹም ወደ ገበያ ሰፈሮች ወረደ።

የወላይታ ገበሬ ቤት ከፍ ብሎ የሚሠራ፣ እስከ ታች በሣር የተከደነ ነው። ምድጃው ከውስጥ ይጤሳል፤ ጭሱ ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ነገር ግን ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። በወላይታ የሰው ብዛት እየጨመረ፣ ሣር የሚበቅልበት መሬት እየታረሰ ሲሄድ ክዳን ሣር እንደ ልብ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀረ። ቆርቆሮ ለእሳት አይበገርም፤ የዝናቡን ውኃ ወደ በርሜል ያወርዳል፤ በየዓመቱ አስጠጋግኑኝ አይልም። ቀን ያግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲጥል ጨዋታ አያሰማም፤ ሆኖም ቤተሰብ ለዓመታት ቆጥቦ፣ ከብት ሸጦ፣ ዕቁብ ገብቶ የሚገዛው ነገር ሆነ። ብዙ ሰው በሕይወቱ የቤት ጣሪያ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። ልባጡ እንዲቆይ የሚፈለገው ስለዚህ ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በሌላው ዓለም አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። ታዴዎሽ ሴንጂሚር የተባለ ፖላንዳዊ መሐንዲስ በ1930ዎቹ ላሜራው እየተቆረጠ መነከሩን አስቀረ። ላሜራው እንደ ጨርቅ ጣቃ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ የአንዱ ጥቅል ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ይበየዳል፤ ሳይቋረጥ በምድጃና በዚንክ ውስጥ ያልፋል። በጉጠት የሚከተውና የሚስበው ሰው ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተነሣ። ለሰው ጤና ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ከዚሁ ጋር ዚንኩን በፈለጉት መጠን ማሳሳት ተቻለ። በደንብ የለበሰ ላሜራ በካሬ ሜትር፣ በሁለቱ ገጽ ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ ይይዛል፤ ይህ በአንድ ገጽ 20 ማይክሮን ያህል ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ሲሶ ገደማ። 100 ግራምና ከዚያም በታች የሚይዝ ላሜራም ይሠራል። ሁለቱ አዲስ ሳሉ በዓይን አይለዩም። ገዥው በሱቅ የሚጠይቀው «ስንት ጌጅ ነው?» ብሎ ነው፤ 28፣ 32፣ 35። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ላሜራው ይሳሳል። ጌጁ ግን የሚናገረው ስለ ላሜራው ውፍረት ነው፤ ስለ ልብሱ ዝም ይላል።

ጫኝና አውራጁስ የት ሄደ? አልጠፋም፤ ከፋብሪካው ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። በአገራችን ብዙዎቹ የቆርቆሮ ፋብሪካዎች በጥቅል የመጣውን ልብጥ ላሜራ እየቆረጡና እያሸበሸቡ ያወጣሉ። ከዚያ ቆርቆሮው አይሱዙ ላይ ተደርድሮ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሶዶ ይደርሳል፤ ከሶዶ ወደ ገሱባ ይሄዳል። ዝናብ አግኝቶት ተደራርቦ ከቆየ በላሜራዎቹ መካከል ያለው ውኃ አየር ሳያገኝ ዚንኩን ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይወጣበታል። ሲወርድ ከተጎተተ ይጫራል። ዚንክ ደግ ልብስ ነው፤ ትንሽ ጭረት ቢያገኘው ከብረቱ በፊት ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። የሚያድነው ግን እስካለ ድረስ ነው። ለ20 ዓመት የታሰበ ጣሪያ ቤቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት የዕድሜውን ሲሶ በመንገድ ላይ ሊጨርስ ይችላል። በደረቅ ያወረደና አንሥቶ ያስቀመጠ አውራጅ ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት ዕድሜ ሰጥቶ ሄዷል፤ የሚከፈለው ግን በቁጥር እንጂ በጥንቃቄው አይደለም።

የማማው ቁጥር

በወላይታ ከጣሪያው ሌላ ዚንክ የለበሰ ታላቅ ነገር አለ፤ የኤሌክትሪኩ ማማ። ከኦፋ ጎረቤት ከኪንዶ ዲዳዬ በታች፣ በኦሞ ወንዝ ላይ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቋል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ እስከ ኬንያው ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መሥመርም በ2022 ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል። ማማው ከብዙ የብረት ዘንጎች የተገጣጠመ ነው። እነዚህ ዘንጎች እንደ ጣቃ ሊጠቀለሉ አይችሉም። እያንዳንዱ ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ በሽቦ ወይም በመንጠቆ ተሰቅሎ፣ ወደ ገንዳ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ ነው የሚራገፈው። የሴንጂሚር መኪና እዚህ አይሠራም፤ የድሮው ጫኝና አውራጅ፣ ክሬን ቢታከልለትም፣ ዛሬም በቦታው አለ። ወፍራም ብረት በገንዳው ውስጥ ዘለግ ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ዚንኩና ብረቱ በደንብ ይዋሐዳሉ፤ ልብሱም ብዙውን ጊዜ ከ85 ማይክሮን ያላነሰ ይሆናል፣ ጥሩ ከለበሰው ጣሪያ እንኳ ከአራት እጅ በላይ።

በዘንጉ ላይ ከመነከሩ በፊት ቁጥር በመዶሻ ይመታበታል። ጥልቅ ስለሆነ ዚንኩ ከለበሰው በኋላም ይነበባል። ቁጥሩ ዘንጉ በማማው ላይ የት እንደሚገባ ይናገራል። በአክሱም ገንዘብ ላይ የንጉሡ ስም አለ፤ በማማው ዘንግ ላይ የዘንጉ ቁጥር አለ። የሰቃዩ ስም በሁለቱም ላይ የለም።

ክቡ የሚገጥመው በቀጥቃጩ ቤት ነው። የወላይታ ቀጥቃጭ ዛሬ ማዕድን አያቀልጥም፤ የሚሠራው ከወዳደቀ ብረት፣ ከመኪና ባሌስትራና ከተቆረጠ ፌሮ ነው። ከቁርጥራጩ መካከል ዚንክ የለበሰ ሲገኝና ፍም ውስጥ ሲገባ፣ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ይፈላና ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያን ጭስ የሳበ ሰው ማታውን ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ሌሎች በብዙ ድካም ያለበሱትን ልብስ የሚያወልቀው እርሱ ነው፤ ዋጋውንም በሳንባው ይከፍላል። በደጅ መሥራት፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቆም፣ ልባጡን አስቀድሞ በሞረድ መፋቅ ከዚህ ያድናል። ይህን ለቀጥቃጩ የሚነግረው ሰው ግን ወደ ቀጥቃጩ ቤት መሄድና ከአጠገቡ መቀመጥ አለበት፤ ከአጠገቡ መቀመጥ ደግሞ ረጅም ዘመን ነውር ሆኖ ኖሯል።

የብረት ልባጥ ታሪክ የማሉዌንን፣ የሶሬልንና የሴንጂሚርን ስም አስቀርቷል፤ ይገባቸዋልም። የገሱባ ጣሪያዎች ግን ሌላ መዝገብ ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሳያጸዳ የከተተው ላሜራ ጠቃጠቆ ሆኖ ይነበብባቸዋል። በዝናብ ተደራርቦ ያደረው ነጭ ሆኖ፣ ተጎትቶ የወረደው በረጅም ቀይ መሥመር ይነበባል። ከሰላሳ ዓመት በኋላም ሳይዝግ የቆመው ጣሪያ ደግሞ፣ በደንብ አንሥተው በደንብ ያስቀመጡት እጆች ብዙ እንደነበሩ ይናገራል።